ሳምቡሳ በቤታችን፦ ማጀት ያለችውም ጾመኛ ናት



ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን። ይህ ጽሑፍ በሬድዮ ካቀረብነው የቤተሰብ ዝግጅት የተወሰደ ነው። ልኬቱን እየሰሙ መጻፍ ስለሚያስቸግር በእርጋታ ታነቡት ዘንድ እነሆ ብለናል።

የዛሬው ርዕሳችን ስለ ሳምቡሳ ነው። «ኢማምን ከሳምቡሳ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ቢኖር አንቀየምም። ነገሩ ከማጀት ቢጀምርም የሚደርሰው ከዒባዳ ነውና እስከ መጨረሻው አብራችሁን ሁኑ።

በረመዳን ከዐስር ሶላት በኋላ ከቦሌ ሚካኤል ተነስቶ በገርጂ በኩል ወደ መገናኛ፣ ከዚያም ወደ ሲኤምሲና አያት የሚሄድ ሰው የሚጠበስ ሳምቡሳ ሽታ በየመንገዱ ይቀበለዋል። ያለ ተምር፣ ያለ ሾርባና ያለ ሳምቡሳ ኢፍጣር የደረሰ የማይመስለን ብዙ ነን። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም። ችግሩ ያለው በሰዓቱ ላይ ነው።

እኛም ጥፋታችንን አንደብቅ። ለብዙ ዓመታት በቤታችን የመግሪብ አዛን ሲሰማ ወንዶቹና ልጆቹ በተምር ዙሪያ ተቀምጠን ዱዓ እናደርግ ነበር። የቤቱ እመቤት ግን «ትኩስ ትኩሱን ይብሉ» ብላ ከምድጃው ፊት ቆማለች። አዛኑን የምትሰማው በሚንቻቻ ዘይት መሐል ነው። አንድ ምሽት ትንሿ ልጃችን «እማዬ መቼ ነው የምታፈጥረው?» ብላ ጠየቀችን። የምንመልሰው አጣን። ጾመኛ ሲያፈጥር የሚያደርገው ዱዓ ተቀባይነት የሚከጀልበት መሆኑን በሚንበር ላይ ስንት ጊዜ አስተምረናል! በገዛ ቤታችን ግን ያንን ሰዓት ከአንዲት ጾመኛ ወስደንባት ኖሯል።

ስለዚህ የዛሬው ምክራችን አንድ ነው፦ ሳምቡሳ ይሠራ፣ ነገር ግን ሥራው ከመግሪብ በፊት ካለችው የመጨረሻ ሰዓት ይውጣ። እንዴት እንደሚወጣ ደግሞ በዝርዝር እንመልከት።

የሳምቡሳ ነገር ከየት መጣ?

ሳምቡሳ ብዙ አገር የዞረ ምግብ ነው። ስሙ መነሻው ፋርስኛ ሲሆን ዐረቦች «ሰንቡሰጅ» ይሉት ነበር። ሙሐመድ አል-ባግዳዲ እ.ኤ.አ. በ1226 ባዘጋጀው የምግብ አሠራር መጽሐፍ ውስጥ አሠራሩ ሰፍሮ ይገኛል። ዘይላንና ሞቃዲሾን የጎበኘው ታላቁ ተጓዥ ኢብን በጡጣም በ14ኛው ክፍለ ዘመን ዴልሂ በደረሰ ጊዜ በሱልጣን ሙሐመድ ቢን ቱግሉቅ ማዕድ ላይ አይቶታል። የተከተፈ ሥጋ ከለውዝ፣ ከሽንኩርትና ከቅመም ጋር በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ በቅቤ የተጠበሰ እንደነበር ጽፏል። እኛ ጋ ሐረርም፣ ድሬዳዋም፣ ጅጅጋም፣ አዲስ አበባም እንደየእጃቸው ይሠሩታል። በሌላው ዓለም ሥጋ ወይም ድንች ሲበዛበት በእኛ ከተማ ግን ምስሩ ይበልጣል። የምስሩ ነገር ትልቅ ጥቅም ስላለው ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የሊጡ አሠራር

ለ24 መካከለኛ ሳምቡሳ የሚያስፈልገው ግማሽ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ሩብ ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ ነው። እርሾ አያስፈልገውም። ዱቄቱን፣ ጨውንና ዘይቱን ቀላቅላችሁ ውሃውን ጥቂት በጥቂት እየጨመራችሁ ለ10 ደቂቃ ያህል እሹት። ከእጅ የማይጣበቅ፣ ጠንከር ያለ ሊጥ መሆን አለበት። ከዚያ ሸፍናችሁ ለ30 ደቂቃ አሳርፉት። ያላረፈ ሊጥ ሲዳመጥ እየተሰበሰበ ያስቸግራል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው በማሳሳቱ ላይ ነው። አንድ አንዱን ለየብቻ ማሳሳት አድካሚ ነው፤ ውፍረቱም እኩል አይሆንም። ቀላሉ መንገድ መደራረብ ነው። ሊጡን 12 ቦታ ድቡልቡል አድርጋችሁ ክፈሉት። እያንዳንዱን የሻይ ማስቀመጫ ሰሃን በሚያህል ስፋት ዳምጡት። ፊቱን ዘይት ቀብታችሁ ዱቄት ነስንሱበትና ሌላውን ደርቡበት። አራት አራት አድርጋችሁ ከደረባችሁ በኋላ አንድ ላይ ወደ 26 ሴንቲ ሜትር ስፋት እስኪደርስ ዳምጡት። ዘይት በሌለው፣ መጠነኛ ሙቀት ባለው ምጣድ ወይም መጥበሻ ላይ በየፊቱ ለግማሽ ደቂቃ ያህል አሙቁት። መብሰል የለበትም፤ ቀለሙ ነጣ ሲል ይበቃዋል። በሙቀቱ እያንዳንዱ ቅጠል ከሌላው ይላቀቃል። ገና ሞቅ እንዳለ አንድ በአንድ ልጣችሁ አውጡትና በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት፤ ከደረቀ ይሰነጠቃል። እያንዳንዱን ለሁለት ስትቆርጡት 24 ግማሽ ክብ ይወጣዋል።

ይህ ሥራ በዋዜማው ሊያልቅ ይችላል። ቅጠሉን በፌስታል አጥብቆ ጠቅልሎ ፍሪጅ ማሳደር ነው።

የሚሞላው

ለምስሩ፦ ሩብ ኪሎ ድፍን ምስር ታጥቦ ይቀቀላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በመጽሐፍ ላይ «15 ደቂቃ» የሚል ብታነቡ በእኛ ከተማ ከዚያ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በሰዓት ሳይሆን በጣት እየሞከራችሁ አብስሉ፤ በጣት ሲጫኑት የሚፈርስ፣ ነገር ግን ቅርጹን ያልለቀቀ ሲሆን ይውረድ። ውሃው በሚገባ ይጥለል። ሁለት ራስ በደቃቁ የተከተፈ ሽንኩርት፣ አንድ እግር ባሮ ሽንኩርት፣ ሁለት ሦስት ቃሪያ፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና ትንሽ ከሙን ይጨመርበት።

ለሥጋው፦ ግማሽ ኪሎ የተፈጨ ሥጋ ከሦስት ራስ ሽንኩርት ጋር ውሃው እስኪመጥ ይቁላላ። ነጭ ሽንኩርት፣ ድንብላል፣ ከሙን፣ ቁንዶ በርበሬና ጨው ይግባበት። ሁለቱንም ዓይነት መሥራት የሚፈልግ ልኬታቸውን በግማሽ ይቀንስ።

ሁለቱም ከመሞላታቸው በፊት መቀዝቀዝ አለባቸው። ትኩስና እርጥብ ነገር ሊጡን ያለሰልሰዋል፤ ዘይት ውስጥ ሲገባ እንፋሎቱ መውጫ ፈልጎ ሳምቡሳውን ይቀደዋል። «ሳምቡሳዬ ለምን ይፈነዳል?» ለምትሉ እህቶች አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ነው።

«ጾመኛ ሆኜ ጨውን መቅመስ እችላለሁ ወይ?» የሚለውን ጥያቄም እንመልስ። ለሚያስፈልገው ሰው በምላስ ጫፍ ቀምሶ ሳይውጡ መትፋት ጾምን እንደማያፈርስ ዑለማዎች ገልጸዋል። ያለ ምክንያት ሲሆን ግን የተጠላ ነው።

አጠቃለሉና አጠባበሱ

ግማሽ ክቡን ቆሎ ሻጮች ወረቀት እንደሚጠቀልሉት አድርጋችሁ ሾጣጣ ኪስ አውጡለት። ጠርዙን በውሃ ወፈር ተደርጎ በተበጠበጠ ዱቄት ለጥፉት። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ሞልታችሁ አፉን በዚያው ድፍኑት። ጫፎቹ ላይ ቀዳዳ አይቅር። ልጆች እጃቸውን ታጥበው ከቢስሚላህ ጋር ይህንን ሥራ ቢያግዙ ይወዱታል። አባቶችም ብንሆን አናፍርበት፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ቤታቸው ሲሆኑ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ተናግራለች።

ዘይቱ ከ170 እስከ 180 ዲግሪ ቢሆን መልካም ነው። መለኪያ ከሌለ ቁራሽ ሊጥ ጣል አድርጉ፦ ወዲያው አረፋ አውጥቶ ከፍ ካለ ደርሷል፤ ታች ከተቀመጠ ገና ነው፤ ወዲያው ከጠቆረ አልፏል። ባልሞቀ ዘይት የገባ ሳምቡሳ ዘይት ይጠጣል። አምስት ስድስት እያደረጋችሁ ለ4 ወይም ለ5 ደቂቃ እያገላበጣችሁ ጥበሱ። ካወጣችሁ በኋላ አትክደኑት፤ እንፋሎቱ ያለሰልሰዋል። ወንፊት ላይ አቁማችሁ ዘይቱን አጥልሉት።

ከዚህ የምንረዳው ሳምቡሳ ወዲያው ካልተበላ የሚበላሽ ነገር አለመሆኑን ነው። በአዲስ አበባ ፀሐይ የምትጠልቀው ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ጥብሱ መግሪብ አንድ ሰዓት ሲቀረው ተጀምሮ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ቢያልቅ እስከ ኢፍጣር ጥርት እንዳለ ይቆያል። ምድጃው ይጥፋ፣ እህታችን ውዱእ አድርጋ ትቀመጥ።

ፍሪዘር ያለው ቤት ደግሞ ከረመዳን በፊት ብዙ አዘጋጅቶ ጥሬውን ማስቀመጥ ይችላል። መጀመሪያ በትሪ ላይ ሳይነካካ ይደርድሩት፤ ከጠነከረ በኋላ በፌስታል ይቋጠር። ሲፈለግ ሳይሟሟ በመጠነኛ እሳት ይጠበሳል። መብራት ጠፍቶ ከሟሟ ግን የሥጋውን መልሶ ማቀዝቀዝ አይገባም።

የተጠበሰበት ዘይት ከጠቆረ፣ አረፋው አልጠፋ ካለ ወይም ቶሎ ከጨሰ ይወገድ፤ ለጤና አይበጅም። ከመንገድ ዳር ስንገዛም ዘይቱን አይተን እንግዛ። ይህን የምንለው ሻጮቹን ለመንቀፍ አይደለም። በፀሐይና በእሳት መሐል ቆመው የሐላል ሪዝቃቸውን የሚፈልጉ እናቶች ክብር ይገባቸዋል።

ኦቨን ላለው

ፈጢራ የበላ ሰው የተደራረበ ሊጥ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ኬክ ቤቶች ለሚልፎይ የሚጠቀሙበት ሊጥም በዚሁ መደራረብ የሚሠራ ነው። በቤትም ይቻላል። ግማሽ ኪሎ ዱቄት ከአንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር አድርጋችሁ 300 ግራም ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤ በትንንሹ ቆርጣችሁ ጨምሩበት። ቅቤው ሳይሟሟ በሩብ ሊትር ገደማ ቀዝቃዛ ውሃ ሰብስቡት፤ አትሹት። በረጅሙ ዳምጣችሁ እንደ ደብዳቤ ሦስት ቦታ እጠፉት፤ ፍሪጅ ውስጥ ለ20 ደቂቃ አሳርፉት። ይህንኑ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ድገሙት። በመጨረሻ አሳስታችሁ አራት ማዕዘን ቆርጣችሁ ምስር ወይም ሥጋ ሞልታችሁ እጠፉት። በ200 ዲግሪ ለ20 እስከ 25 ደቂቃ ይጋገራል። በቅቤው ውስጥ ያለው ውሃ በሙቀት ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ንብርብሩን አንድ በአንድ ያነሳዋል። ቅቤው ቀድሞ ከሟሟ ግን ንብርብሩ ጠፍቶ ቂጣ ይሆናል። ይህኛው የምድጃ ጥበቃ ስለሌለው ለኢፍጣር ሰዓት ይመቻል።

ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ሊጥ የምትገዙ ከሆነ የቅባቱ ዓይነት ምን እንደሆነ ማሸጊያውን አንብቡ። «የእንስሳ ስብ» የሚል ካገኛችሁ የምን እንስሳ እንደሆነ ሳታረጋግጡ አትግዙ።

የጎረቤት ሐቅ

በሰሚትና በአያት ኮንዶሚኒየሞች የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ የሳምቡሳችን ሽታ ከእኛ ቀድሞ ጎረቤት ቤት ይገባል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ወጥ ስንሠራ መረቁን አብዝተን ጎረቤትን እንድናስብ አስተምረዋል፤ ጎረቤት ሲሉም ሙስሊሙን ብቻ አላሉም። በ2016 ዓ.ም. የእኛ ረመዳንና የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ዐቢይ ጾም በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2፣ ተጀምረው ነበር። እነርሱ በጾማቸው ሥጋ፣ ቅቤና እንቁላል አይበሉም። የምስር ሳምቡሳ ግን በዘይት ብቻ የሚሠራ ነው፤ ያለ ሐሳብ ይበሉታል። ስለዚህ ሁለቱንም ዓይነት ስትጠብሱ ንጹሕ ዘይት አድርጋችሁ የምስሩን አስቀድሙ፣ የሥጋው ይከተል። የጎረቤትን ድርሻም የሥጋው ከመግባቱ በፊት በተለየ ሰሃን አውጡለት። ጎረቤታችን የሰጠነውን አምኖ እንዲበላ ማድረግ አማና ነው።

በማዕዱ ላይ

በተምርና በውሃ አፍጥረን፣ መግሪብን ሰግደን ከዚያ ሳምቡሳውን ብናቀርብ ሱናውም ይገኛል፣ ባዶ ሆድም በዘይት አይደነግጥም። ሁለት ሦስት ለአንድ ሰው ይበቃል። ኢስራፍን እንጠንቀቅ፤ የተረፈው ለሰደቃ ይውጣ።

በቤታችን አሁን የሊጡ ሥራ የጁሙዓ ምሽት ተራዊሕ ሲያበቃ ነው። እኛ እንዳምጣለን፣ ልጆቹ ይጠቀልላሉ። አጠቃለላችን ያማረ ነው አንልም፤ አንዳንዱ ጠማማ ነው። ነገር ግን አዛን ሲሰማ ከተምሩ ዙሪያ የጎደለ ሰው የለም።

አላህ (ሱ.ወ.) ጾማችንን ይቀበለን፤ በማጀት የሚደክሙ እናቶቻችንንና እህቶቻችንን ምንዳቸውን ያብዛላቸው። አሚን።