ሜሴኔ፦ ገባሮች የቆረቆሯት ከተማ

በደቡብ ግሪክ፣ በፔሎፖኔዝ፣ ማቭሮማቲ የምትባል ትንሽ መንደር በኢቶሚ ተራራ ወገብ ላይ ተቀምጣለች። መንደሯ መሃል፣ ከመንገዱ ዳር ካለ ግንብ ሥር፣ ክሌፕሲድራ የተባለው ጥንታዊ ምንጭ ዛሬም ይፈስሳል። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አገሩን ዞሮ ያየው ፓውሳኒያስ፣ ከዚህ ምንጭ በየቀኑ ውኃ እየተቀዳ ተራራው አናት ላይ ወዳለው የዜውስ መቅደስ ይወጣ እንደነበር ጽፏል። ቁልቁል የሚወርደው ደግሞ የከተማዋን ገበያ ያጠጣ ነበር።

ከተማዋ ሜሴኔ ናት። ፍርስራሿ ከመንደሩ ሥር ካለው የወይራ ማሳ ጋር ተቀላቅሎ ተዘርግቷል።

ሜሴኔን ከሌሎች የግሪክ ከተሞች ለየት የሚያደርጋት የነዋሪዎቿ ታሪክ ነው። የአካባቢው ሰዎች ለብዙ ትውልድ በገዛ መሬታቸው የስፓርታ ገባር ሆነው ኖረዋል፤ ካመረቱትም እኩሌታውን ለጌቶቻቸው ያስገቡ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ371 ቴቤዎች ስፓርታን ሌውክትራ ላይ ድል ነሷት። ከሁለት ዓመት በኋላም የጦር መሪያቸው ኤፓሚኖንዳስ ከተማዋን አስቆረቆረ፤ እስከ ጣሊያንና ሲሲሊ የተበተኑት ስደተኞችም ተጠርተው ተመለሱ።

ዳግም ላለመገበር የቆረጡ ሰዎች ምን ዓይነት ቅጥር እንደሚሠሩ ለማየት ወደ አርካዲያ በር መሄድ ነው። 9 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዞረው ግንብ እዚህ ላይ ሲደርስ ክብ ግቢ ይሆናል፤ አንድ በር በውጭ፣ አንድ በር በውስጥ። የውጭውን በር ሰብሮ የገባ ጠላት ከውስጠኛው ሳይደርስ ግቢው ውስጥ ተከብቦ ይቀራል። ትላልቆቹ ጥርብ ድንጋዮች ያለ ጭቃ ነው የተነባበሩት። ከመንደሩ የሚወጣው የአስፋልት መንገድ አሁንም በዚሁ በር ያልፋል።

የአቴና አርኪዮሎጂ ማኅበር ቁፋሮውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። ከ1986 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በአርኪዮሎጂስቱ ፔትሮስ ቴሜሊስ መሪነት የተሠራው ግን ከቁፋሮም ያለፈ ነው፤ የወደቁ ዓምዶች በየቦታቸው ቆመዋል፣ ስታዲየሙና ቲያትሩ መልካቸውን አግኝተዋል። ቲያትሩ በ2013 ለተመልካች ዳግም ተከፍቷል።

በዙሪያው ያሉት መንደሮች ዛሬም የሚተዳደሩት በአብዛኛው በወይራ ነው። በዜውስ መቅደስ ቦታ ላይ ደግሞ ለእመቤታችን ፍልሰታ የተሰየመው የቩልካኖ ገዳም አሮጌ ሕንፃ ቆሟል። ከተራራው በታች ባለው ሜዳ ላይ፣ በኔኦሆሪ መንደር አጠገብ፣ ሁለት ወንዞች በሚገናኙበት ቦታ ባለ ሦስት ክንፍ የድንጋይ ድልድይ አለ። ቅስቶቹ ከኋላ ዘመን የተጨመሩ ናቸው፤ መሠረቱ ግን የጥንቶቹ የሜሴኔ ሰዎች የጣሉት ነው።