ገደል የተገለበጠ ተራራ ነው፦ ጀማ ሸለቆ ለሀይኪንግ ከመውረዳችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ክረምቱ አልፎ አደይ ሲፈነዳ ቴሌግራም በሀይኪንግ ማስታወቂያ ይሞላል። ትራንስፖርት አለ፣ ምሳ አለ፣ ፎቶ አንሺ አለ። ስንት ሜትር ቁልቁል እንደምትወርዱና ያንኑ መልሳችሁ በስንት ሰዓት እንደምትወጡት ግን ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ሰው የሚጎዳው ደግሞ እዚህች ያልተጻፈችው ነገር ላይ ነው። ዛሬ እሷን እናስረዳችሁ። ምሳሌ የምናደርገው ብዙዎቻችሁ የምታውቁትን ደብረ ሊባኖስንና ከሥሩ የተዘረጋውን የጀማ ሸለቆ ነው።

🔸 ቦታው ምን ይመስላል?

ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ፣ ፍቼ ሳትደርሱ፣ በስተቀኝ ወደ ገዳሙ የሚያስገባ መንገድ አለ። ሜዳው በድንገት ያልቅና ገደል ይሆናል። ጀማ ወንዝ እታች ነው፤ ጉዞውም ወደ ዓባይ ነው። ከአፋፉ እስከ ጀማ ድረስ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ነው።

አብዛኛው ጎብኚ የሚያየው "የፖርቹጋል ድልድይ" የሚባለውን ነው። ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ ያሠሩት የአፄ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ እንደሆኑ፣ ጊዜውም የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንደሆነ በስፋት ይነገራል። ከዋናው መንገድ ድልድዩ ድረስ ያለው አጭር የእግር መንገድ ነው፣ ብዙም አያደክምም። ጨዋታው የሚቀየረው ከዚያ ወደ ታች "ትንሽ እንውረድ" ሲባል ነው።

ስትወርዱ ግድግዳውን ልብ በሉ። ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የፈሰሰ እሳተ ገሞራ ነው። ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ፣ ወደ ታች ሲኬድ ደግሞ አካባቢው ባሕር በነበረበት ዘመን የተነባበረ የኖራ ድንጋይ አለ፤ ዕድሜው ከ150 ሚሊዮን ዓመት ይበልጣል። በአጭሩ፣ በእግራችሁ ወደኋላ ዘመን እየተጓዛችሁ ነው።

🔸 ገደል ከተራራ በምን ይለያል?

እንጦጦ ስትወጡ ከደከማችሁ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ትመለሳላችሁ፣ መንገዱም ቁልቁለት ነው። ገደል ላይ ግን ተቃራኒ ነው። ቀላሉ መጀመሪያ ይመጣል፣ ከባዱ የሚመጣው ጉልበትም ውሃም ካለቀ በኋላ ነው። ስትወርዱ ሁሉም ይስቃል፣ ቪዲዮ ይቀረጻል። መውረድ ምርጫ ነው፣ መውጣት ግን ግዴታ ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይጨመራሉ።

አንደኛው ሙቀት ነው። በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። አፋፉ ላይ ጃኬት አስለብሶ ያወረዳችሁ ደጋ፣ እታች ቆላ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ያውም አቀበቱን የምትጀምሩት እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ ስትበረታ ነው።

ሁለተኛው አየር ነው። 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ አፋፉ ጋ ስትደርሱ ቢያለከልካችሁ ስንፍና አይደለም፣ ኦክስጅኑ ስለሚያንስ ነው።

🔸 ሰዓቱን እንዴት እናስላ?

ዊልያም ናይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀላል ሒሳብ እስከ ዛሬ ይሠራል፦ ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ደግሞ ተጨማሪ 1 ሰዓት።

4 ኪሎ ሜትር ተጉዛችሁ 600 ሜትር ወረዳችሁ እንበል። ለመመለስ ለርቀቱ 48 ደቂቃ፣ ለአቀበቱ 1 ሰዓት፣ በድምሩ 1 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ይፈልጋል። ይህ ግን ጠንካራ ለሆነና ለማያርፍ ሰው ነው። ሙቀቱን፣ ከፍታውንና የቡድኑን ቀርፋፋ ሰው ስትጨምሩ 3 ሰዓት ያዙለት።

አሁን ከመጨረሻው ወደኋላ ቁጠሩ። ሳይመሽ አዲስ አበባ ለመድረስ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ መኪና ውስጥ መሆን አለባችሁ። ስለዚህ ከታች የምትነሡት 7 ሰዓት ላይ ነው። ወንዙ ጋ ባትደርሱም 7 ሰዓት ከሆነ ተመለሱ። ወንዙ እኮ የትም አይሄድም!

አሜሪካ ግራንድ ካንየን ውስጥ ለጎብኚ የሚሰጠው ምክርም ከዚህ አይርቅም፦ ለመውረድ የፈጀባችሁን ጊዜ እጥፉን ለመውጣት ያዙ። ለውሃም እንደዚያው፣ አንድ እጅ ለቁልቁለቱ፣ ሁለት እጅ ለአቀበቱ። ለአንድ ሰው ቢያንስ 3 ሊትር ይያዝ። የወንዙ ውሃ ንጹሕ ቢመስልም ሳይፈላ ወይም ሳይታከም አይጠጣም።

🔸 ፀሐይ እያለ ጎርፍ ይመጣል?

አዎ ይመጣል። ፏፏቴው የሚያምረው በክረምቱ መጨረሻ ነው፤ ድንጋዩ የሚያንሸራትተውም ያኔ ነው። እናንተ ያላችሁበት ቦታ ጠራራ ፀሐይ ሆኖ ላይ ደጋው ላይ ከዘነበ፣ ውሃው ተሰብስቦ የሚመጣው እናንተው ጋ ነው። 15 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ አዋቂ ሰውን እግሩን ሊያስተው ይችላል።

ምልክቶቹን ያዙ፦ የጠራው ውሃ በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ይዞ መምጣት ከጀመረ፣ ከላይ ጉምጉምታ ከተሰማ፣ ቦርሳ እንኳ ለማንሳት አትዘግዩ። በወንዙ ተከትላችሁ ቁልቁል አትሩጡ፣ ወደ ጎን ወደ ከፍታ ውጡ።

🔸 ስልካችሁስ?

ገደል ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል። ኔትወርክ የሚፈልግ ስልክ ደግሞ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሳል። ስለዚህ ካርታውን ቤት ሳላችሁ ኦፍላይን አውርዱ፣ ስትወርዱ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። ጂፒኤስ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፣ ገደሉ ሲጠብ ግን ሊሳሳት ይችላል።

ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ለሚቀር ሰው "እዚህ ነኝ፣ እስከዚህ ሰዓት ካልደወልኩ ፈልጉኝ" በሉ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር፣ አምቡላንስ ገደል አይወርድም። እግሩ የተሰበረን ሰው የሚያወጣው የአካባቢው ገበሬ ነው፣ በቃሬዛ፣ በትከሻው።

🔸 መንገዱ ሰላም ነው?

ይህን ሳይጠይቁ መነሣት አይቻልም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በጎጃም መንገድ፣ በተለይ ከፍቼ ወዲያ ባለው ክፍል፣ ተጓዦች መታገታቸውና ገንዘብ መጠየቁ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ሁኔታው ከሳምንት ሳምንት ስለሚለያይ፣ ያለፈው ወር ፎቶ ለዚህ ቅዳሜ ማረጋገጫ አይሆንም። በዚያው ሳምንት የተመላለሰ ሹፌርና የአካባቢው ሰው ጠይቁ። ከመሸ አትጓዙ። "ምንም የለም ባክህ" ካለ አዘጋጅ ጋር አለመሄድ ነው።

🔸 ቦታው ባለቤት አለው

ገዳሙን በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። በግንቦት 1929 ዓ.ም ደግሞ በግራዚያኒ ትእዛዝ መነኮሳትና ምእመናን የተጨፈጨፉበት ነው። ቁምጣ ለብሶ፣ ስፒከር ከፍቶ የሚገባበት አይደለም።

ጭላዳ ዝንጀሮ ከኢትዮጵያ ውጪ በዱር የትም የለም። የሚበላው ሣር ነው፣ ብስኩት አትስጡት። ምግብ ከለመደ ነገ የልጅ ምሳ ይቀማል፣ ማሳ ይገባል፣ በድንጋይ የሚያባርረውም ገበሬው ነው።

የሰላሌን አገር እንደ ሰላሌ ልጅ የሚያውቀው የለም። አስጎብኚ ከዚያው ያዙ፣ ዋጋውን ቀድማችሁ ተስማሙ፣ ስታገኟቸውም "አካም ጂርቱ" በሉ። አቋራጩን፣ የሚያንሸራትተውን ድንጋይ፣ ጎርፍ የሚመጣበትን ሰዓት የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

🔸 ከመክፈላችሁ በፊት

አዘጋጁን እነዚህን 4 ጥያቄዎች ጠይቁት፦

1. ስንት ሜትር ነው የምንወርደው?
2. የመመለሻ ሰዓታችን ስንት ነው?
3. የአካባቢው አስጎብኚ አብሮን አለ?
4. አንድ ሰው ቢጎዳ በማን፣ በምን ይወጣል?

አራቱንም ሳያንገራግር ከመለሰ ጫማችሁን እሰሩ። ከተንተባተበ ግን ብራችሁን ያዙ፣ ሌላ ቅዳሜ አለ። የሀይኪንግ ግሩፕ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ለአድሚናችሁ ሼር አድርጉለት።