ኮምፒዩተር የማን ትምህርት ነው?

የግዕዝ መጻሕፍትን የሚያጠና አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፥ ከብራና ወደ ኮምፒዩተር በተገለበጠ አንድ ድርሳን ውስጥ «ፀሐይ» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ እንደ ተነሣ ለማወቅ ሽቶ፥ ቃሉን ጽፎ መሣሪያው እንዲፈልግለት ቢያዝዘው፥ የሚያገኘው ከሚገባው እጅግ ያነሰ ይሆናል፤ ምክንያቱም ጸሐፊው አንዱን ቦታ «ጸሐይ»፥ ሌላውን «ፀሀይ»፥ ሌላውን ደግሞ «ፀሓይ» እያለ እንደ እጁ ልማድ ጽፎት አልፏል። ለአንባቢ ዓይን አራቱም አንዲት ፀሐይ ናቸው። ለኮምፒዩተሩ ግን፥ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ከተባለው ዓለም አቀፍ የሆሄያት መዝገብ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የየራሱን ቁጥር ስለ ተቀበለ፥ አራቱ ቃላት ዘመድነት የሌላቸው አራት ባዕዳን ናቸው።

ይህን ችግር የሚያቃልል ፕሮግራም ዐሥር መስመር የሚሞላ አይደለም። ተማሪው ግን ፕሮግራም መጻፍ አልተማረምና ከኮምፒዩተር ሳይንስ ክፍል አንድ ወዳጅ ፈልጎ ቢለምን፥ ወዳጁም በቅንነት ሞክሼ ሆሄያትን ሁሉ፥ «ሠ»ን ከ«ሰ»፥ «ፀ»ን ከ«ጸ»፥ «ኀ»ንና «ሐ»ን ከ«ሀ» አዋሕዶ ሥራውን ጨርሶ ቢሰጠው፥ ሌላ መዘዝ ይከተላል። በግዕዝ «ሠረቀ» ማለት ወጣ፥ ታየ ማለት ሲሆን፥ «ሰረቀ» ግን የሌባ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ምሥራቅ ላይ የወጣችውን ፀሐይ ሌባ አድርጓት ያድራል። ኮምፒዩተር የሚያውቀው ግዕዝ አያውቅም፥ ግዕዝ የሚያውቀው ኮምፒዩተር አያውቅም፤ በሁለቱ መካከል የወደቀውን ጉዳይ የሚያነሣው ሰው ከየትኛው ክፍል ይምጣ የሚለው ነገር፥ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ከ60 ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረ፥ ዛሬም ብያኔ ያላገኘ ጥያቄ ነው።

ክርክሩን በአደባባይ ካነሡት መካከል ቀዳሚው አለን ፐርሊስ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ኤም.አይ.ቲ. በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ሊቃውንት በተሰበሰቡበት ጉባኤ ላይ፥ ፕሮግራም መጻፍ ለማናቸውም ተማሪ፥ የሚያጠናው ምንም ይሁን ምን፥ ገና በመግቢያው ሊሰጥ የሚገባ ትምህርት ነው ብሎ ተከራከረ። የፐርሊስ ምክንያት መሣሪያውን ማወቅ አልነበረም፤ የአንድን ነገር አካሄድ ከመነሻው እስከ መድረሻው በሥርዓት መዘርዘርና መመርመር ራሱን የቻለ የአእምሮ ልምምድ ነው የሚል እንጂ። ሐሳቡ ለጊዜው ከወረቀት አላለፈም። በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር ማለት ክፍል የሚሞላ፥ ባለ ብዙ ዋጋ ብረት ነበረና፥ ፕሮግራም የጻፈ ሰው ትእዛዙን በካርድ ላይ አስበስቶ ለሠራተኛ ካስረከበ በኋላ ውጤቱን ሰዓታት፥ አንዳንዴም ቀናት ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ለፊዚክስ ሊቅ ይህ የሚታገሡት ነገር ነው፤ የታሪክ ተማሪ ግን ለአንድ ነጠላ ሰረዝ ስሕተት ሁለት ቀን እንዲጠብቅ ቢጠየቅ ተመልሶ እንደማይመጣ የታወቀ ነው።

ሐሳቡን ሥጋ ያለበሱት በኒው ሃምፕሸር ግዛት በሚገኘው በዳርትማውዝ ኮሌጅ ሒሳብ ያስተምሩ የነበሩት ጆን ኬሜኒና ቶማስ ከርትዝ ናቸው። ኬሜኒ በቡዳፔስት የተወለደ፥ በወጣትነቱም የአይንስታይን ረዳት የነበረ ሰው ነው። ከርትዝ በበኩሉ የመጠበቅን መከራ በእግሩ የሚያውቅ ነበር፤ ኮሌጁ ገና ኮምፒዩተር ባልነበረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ፥ የራሱንና የባልደረቦቹን ካርዶች በብረት ሣጥን ይዞ፥ በማለዳ ባቡር ተሳፍሮ ወደ ኤም.አይ.ቲ. ይመላለስ ነበርና። እነዚህ ሁለቱ የተመለከቱት ነገር ቀላል ነበር፤ ከኮሌጁ ተማሪዎች ከሦስት አራተኛ የማያንሰው እጅ የሳይንስ ተማሪ አልነበረም፥ ነገር ግን ነገ የሕዝብ ጉዳይንና የንግድ ድርጅትን የሚመራው፥ ስለ ኮምፒዩተር የሚወስነውም ይኸው ወገን ነው። ስለዚህ አንድን ኮምፒዩተር ለብዙ ሰው በቅጽበት እየከፋፈለ የሚያገለግል ሥርዓት በአብዛኛው በተማሪዎቻቸው እጅ አሠርተው፥ ጎን ለጎንም በተራ የእንግሊዝኛ ቃላት የሚጻፍ ቤዚክ የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ፈጠሩ፤ ግንቦት 1 ቀን 1964 እ.ኤ.አ. ከንጋቱ በፊት የመጀመሪያዎቹ ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ሠርተው መልስ ሰጡ።

እኔ ከቴክኒኩ ይልቅ የሚደንቀኝ ከዚያ በኋላ የወሰኑት ነው። የኮምፒዩተሩን ክፍል፥ ማንም ተማሪ ገብቶ ከመደርደሪያው መጽሐፍ እንደሚያነሣበት ቤተ መጻሕፍት ሊያደርጉት ቆረጡ፤ ተማሪው ለምን እንደሚጠቀምበት ሳይጠየቅና ሳይከፍል እንዲገባበት ፈቀዱ። ልዩ ኮርስም አላቆሙለትም፤ አብዛኛው ተማሪ በሚወስደው የመጀመሪያ ዓመት የሒሳብ ኮርስ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ብቻ ከለሉለትና የቀረውን ለተማሪው እጅ ተዉት። ጨዋታ የጻፈ ነበረ፥ ግጥም ያስጻፈ ነበረ፤ አይገሠጽም። ቤዚክን ኋላ የተነሡ ሊቃውንት ክፉ ልማድ የሚያስተምር ቋንቋ ነው ብለው ብዙ ነቅፈውታል፥ ነቀፋቸውም ከንቱ አይደለም፤ ዳሩ ግን ነቃፊዎቹ የሚያስቡት ኮምፒዩተር መተዳደሪያው ሊሆን ስላለው ተማሪ ነበር፥ ኬሜኒና ከርትዝ ደግሞ ስለ ሌላው።

በሩ ከተከፈተ ነገሩ ያልቃል የሚል ካለ፥ የጆርጂያ ቴክን ታሪክ ይስማ። ይህ በአትላንታ ያለ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1999 ማንኛውም ተማሪ የኮምፒዩተር ኮርስ ሳይወስድ አይመረቅም የሚል ሕግ አወጣ፤ ኮርሱም ለመሐንዲሱም፥ ለሥነ ሕንፃ ተማሪውም፥ ለንግድ አስተዳደሩም፥ ሥነ ጽሑፍ ለሚያጠናውም አንድ ሆነ። መሐንዲሶቹ ተወጡት። ከሥነ ጽሑፍ፥ ከሥነ ሕንፃና ከአስተዳደር የመጡት ግን ከግማሽ በታቹ ብቻ ሲያልፉ፥ የቀሩት ወይ ወደቁ ወይ ኮርሱን ጥለው ወጡ፤ ግዴታው በሩን የከፈተ መስሎ ለእነዚህ ወንፊት ሆነባቸው። በዚያ ያስተምር የነበረው ማርክ ጉዝዲያል ተማሪዎቹን ሲጠይቅ ያገኘው መልስ ከክብደት ይልቅ ባዕድነት ነበር፤ ኮርሱ ደረቅ ነው፥ ከምንማረው ጋርም አይገናኝም ይሉ ነበር።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2003 ከባርባራ ኤሪክሰን ጋር ሆኖ ኮርሱን ከመሠረቱ ለወጠው። ዋናው ትምህርት፥ ማለት ተደጋጋሚ ትእዛዝ፥ «ይህ ከሆነ ይህን አድርግ» የሚለው ሁኔታ፥ መረጃን በተርታ ማስቀመጥ፥ አልቀረም፤ የተለወጠው ተማሪው እጁን የሚያሟሽበት ነገር ነው። ቁጥር በመደመር ፋንታ የራሱን ፎቶግራፍ ወስዶ ነጥብ በነጥብ ቀለሙን ይለውጣል፥ ድምፁን ቀድቶ ከኋላ ወደ ፊት ገልብጦ ያሰማዋል፥ ሥዕልን ከሥዕል ያጋጥማል። ከዚያ ወዲያ ከመቶ 85 ገደማ የሚሆኑት ማለፍ ጀመሩ። ለእውነት ሲባል መጨመር ያለበት ነገር ቢኖር፥ ጉዝዲያል ራሱ ከዐሥር ዓመት በኋላ ማስረጃውን ሲመዝን፥ ኮርሱ ተማሪን እንዳይሸሽ እንደሚያደርግ የተረጋገጠ ቢሆንም፥ ከቀድሞው የበለጠ ያስተምራል ለማለት ግን የሚያበቃ ማስረጃ እንደሌለ በግልጽ መመስከሩ ነው፤ እንዲህ ያለ ሊቅ ደግሞ ብዙ አይገኝም።

ሌሎችም በየመንገዳቸው ሄደዋል። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ኮምፒዩተርን ከሥነ ሰብእ፥ ከሥነ ልሳን፥ ከሥነ ፈለክና ከኬሚስትሪ ጋር በአንድ ዲግሪ አጣምሯል። በርክሌይ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ምንም ቅድመ ትምህርት የማይጠይቅ የዳታ ሳይንስ መግቢያ ኮርስ ከፍቶ፥ ከጎኑ ተማሪው በራሱ ሙያ መረጃ የሚለማመድባቸውን ትንንሽ አጋዥ ኮርሶች ተከለበት፤ መጽሐፉንም ማንም በነጻ እንዲያነበው አደረገ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ጥያቄው ለረጅም ጊዜ በሌላ መልክ ሲቀርብ ኖሯል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው «ሰባ ሠላሳ» የተባለው መርሐ ግብር፥ ከመቶ 70 የሚሆነው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፥ 30 የሚሆነው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ ሲያዝዝ፥ ጭንቀቱ በየትኛው በር ስንት ሰው ይግባ የሚል ነበር። በሠላሳው በር የገባው ምን ይዞ ይውጣ የሚለው ግን እንደዚያ አላነጋገረም። ይህ ክፍተት ፍሬውን ለማሳየት አልዘገየም፤ የማኅበራዊ ሳይንስ የድኅረ ምረቃ ተማሪ፥ መጠይቁን በፀሐይና በአቧራ ዞሮ ካስሞላ በኋላ፥ ኤስፒኤስኤስ በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ላይ የሚያስገባለትና «አናሊሲሱን» የሚሠራለት ሰው በገንዘብ ሲፈልግ ማየት የተለመደ ነው፤ በዩኒቨርሲቲዎች አጥር ዙሪያም ይህንኑ እንሠራለን የሚሉ ማስታወቂያዎች አይጠፉም። የገዛ ምርምሩን ልብ ሌላ ሰው ይቀምርለታል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት፥ ተማሪዎች ፍሬሽማን የሚሉት፥ በ2012 ዓ.ም. ሲመለስ ግን አንድ ለውጥ መጣ። የታዳጊ ቴክኖሎጂዎች መግቢያ፥ በተማሪው አጠራር «ኢመርጂንግ»፥ የተባለ ኮርስ ለተፈጥሮ ሳይንሱም ለማኅበራዊ ሳይንሱም እንዲሰጥ ተደነገገ። ሞጁሉ ሰባት ምዕራፍ አለው፤ ዳታ ሳይንስን፥ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን፥ የቁሶችን በይነ መረብ፥ የሙያ ሥነ ምግባርንና ሌሎችንም ይዳስሳል። የሕግና የታሪክ ተማሪ እነዚህን ስሞች በመንግሥት ሥርዓተ ትምህርት እንዲሰማ አድርጓልና ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ኮርሱ በአብዛኛው ስለ ነገሩ ይተርካል እንጂ ነገሩን አያሠራም፤ ተማሪው የእያንዳንዱን ቴክኖሎጂ ትርጉም፥ ታሪክና ጥቅም አጥንቶ ለፈተና ይመልሳል፥ አንዲት መስመር ትእዛዝ ጽፎ መሣሪያው ሲታዘዘው ወይም እንቢ ሲለው ሳያይ ያልፋል። የቅኔ ተማሪ ስለ ጉባኤ ቃናና ስለ ዘአምላኪየ ብያኔውን በቃሉ ይዞ ሳለ አንድ ቤት እንኳ ሳይቆጥር ቢመረቅ መምህሩ ምን ይሉት ነበር?

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር በዚህ ረገድ ተቃራኒው ነው፤ በነጻ፥ በበይነ መረብ፥ ለማንም ክፍት ሆኖ እጅ ያሠራል። ጉድለቱ ደግሞ በሌላው ወገን ነው። ለሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ፥ የግብርና ተማሪው የዝናብ መዝገብም፥ የግዕዝ ተማሪው ሞክሼም በውስጡ አይገኙም፤ ጆርጂያ ቴክ እ.ኤ.አ. በ1999 የተሰናከለበት ድንጋይም ይኸው ነበር።

ዛሬ ደግሞ፥ ትእዛዝን በተራ ቋንቋ ተቀብሎ ፕሮግራሙን ራሱ የሚጽፍ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በእያንዳንዱ ስልክ ላይ ስለ ገባ፥ ከእንግዲህ ይህ ሁሉ ድካም ለምን የሚሉ ተነሥተዋል። እኔ ነገሩ ተገልብጦ ይታየኛል። መሣሪያው በደቂቃ የጻፈውን ፕሮግራም «ሠረቀ»ንና «ሰረቀ»ን አንድ እንዳላደረገ መርምሮ የሚያረጋግጠው፥ ግዕዙን የሚያውቅና ፕሮግራሙን ቢያንስ ማንበብ የሚችል ሰው ብቻ ነው፤ የጸሐፊነቱ ድካም ቢቀልም የመርማሪነቱ ጨምሯል።

ለማኅበራዊ ሳይንስና ለቋንቋ ተማሪዎች የመጀመሪያውን ልምምድ ምረጥ ብባል፥ ከውጭ የመጣ ምሳሌ አልፈልግም፤ ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ የሚሰጠው ባሕረ ሐሳብ አለና። ሊቃውንቱ በቃል ይዘውት የኖሩት፥ የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበት ይህ ቀመር፥ ከመነሻው እስከ መድረሻው የተዘረዘረ ሥርዓት ነው። ለ2016 ዓ.ም. ብንወስድ፥ በዘመኑ ላይ 5500 ሲጨመር ዓመተ ዓለሙ 7516 ይሆናል፤ ለ19 ተገድፎ 11 ይተርፋል፥ አንድ ለዘመን ሲተው ወንበሩ 10 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ አበቅቴው 20፥ በ19 ተባዝቶ ሲገደፍ መጥቅዑ 10 ይወጣል። እዚህ ላይ ፕሮግራም ጸሐፊ «ከሆነ» የሚለው ይመጣል፤ መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፥ ካነሰ በጥቅምት ይውላል፥ ራሱ 14 ደግሞ ከቶ አይወጣም፤ ይህንንም ተማሪው ዐሥራ ዘጠኙን ወንበር በተደጋጋሚ ትእዛዝ አስቆጥሮ በዓይኑ ሊያየው ይችላል። ጥቅምት 10 ቀን 2016 ቅዳሜ ነበረ፤ የቅዳሜ ተውሳክ 8 ነው፥ ከመጥቅዑ ጋር 18፥ ስለዚህ ጾመ ነነዌ የካቲት 18 ገባ፤ ከዚያ 69 ቀን ተቈጥሮ ፋሲካ ሚያዝያ 27 ዋለ። ፕሮግራሙ ሌላ ቀን ቢሰጠው ተማሪው መምህር እስኪያርምለት አይጠብቅም፤ የዚያ ዓመት የግድግዳ ቀን መቍጠሪያ ካልተጣለ፥ እዚያው ላይ ሚያዝያን ገልጦ ያያል።