ኳስ ጦርነት ያቆማል ወይ?
የካኩማ ደጋፊዎች ክርክር

በካኩማ ካምፕ ቅዳሜና እሁድ ሲደርስ ወሬው ሁሉ ኳስ ነው። ራሽን ሰልፍ ላይ፣ ቡና ቤት፣ ውሃ መቅጃው ጋ ሳይቀር የአርሴናልና የማንቼ ጉዳይ ይነሳል። ጨዋታ በዲሽ በሚያሳዩት ቤቶች ኢትዮጵያዊው፣ ሶማሌው፣ ደቡብ ሱዳናዊው፣ ኮንጎአዊውና ቡሩንዲያዊው በአንድ አግዳሚ ተጣበን እንቀመጣለን። ጨዋታው ሲያልቅ ግን ወሬው አያልቅም፤ ከኳስ ተነስተን የዓለም ፖለቲካ ውስጥ እንገባለን። ሰሞኑን እኛን አስተማሪዎቹንም ጭምር ያከራከረን ጥያቄ አንድ ነው። ኳስ ጦርነት ያቆማል ወይ? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

"ያቆማል" የሚሉት ወገኖች የሚጠሩት ስም ዲዲዬ ድሮግባ ነው። በኦክቶበር 2005 አይቮሪ ኮስት ኦምዱርማን ላይ ሱዳንን 3 ለ 1 አሸንፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ አለፈች። አገሪቱ ከ2002 ጀምሮ በእርስ በርስ ጦርነት ለሁለት ተከፍላ ነበር። ተጫዋቾቹ መልበሻ ክፍል ውስጥ ካሜራ ፊት ተሰበሰቡ። ድሮግባ ማይክሮፎን ይዞ ተናገረ፤ ከዚያም ተንበርክከው ወገኖቻቸው መሣሪያ እንዲያስቀምጡ ለመኑ። በማርች 2007 የሰላም ስምምነት ተፈረመ። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ብሔራዊ ቡድኑ የአማፅያኑ ዋና መቀመጫ በነበረችው ቡዋኬ ከተማ ተጫውቶ ማዳጋስካርን 5 ለ 0 አሸነፈ። "ታዲያ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?" ይላሉ።

ሌሎቹ ደግሞ ዝም አይሉም። "ከ2010 ምርጫ በኋላ በዚያችው አገር ተኩስ እንደገና ተነስቶ በሺህ የሚቆጠር ሰው አልቋል፤ ድሮግባ ያኔስ የት ሄደ?" ብለው ይጠይቃሉ። ቀጥለውም የ1969ን ጉዳይ ያነሳሉ። ኤል ሳልቫዶርና ሆንዱራስ ለ1970 ዓለም ዋንጫ ለማለፍ ሦስት ጊዜ ተጋጠሙ፤ ደጋፊም ተደባደበ። ብዙም ሳይቆይ፣ በጁላይ ወር፣ ሁለቱ አገሮች ጦርነት ገጠሙ። ጦርነቱ አራት ቀን ያህል ብቻ ቢቆይም "የእግር ኳስ ጦርነት" የሚል ስም ወጥቶለት ቀረ።

ይሁንና ስሙ ብቻውን ያሳስታል። ሥሩ መሬት ነበር። መሬት ያጡ የኤል ሳልቫዶር ገበሬዎች በብዙ መቶ ሺህ እየሆኑ ሆንዱራስ ገብተው ያርሱ ነበር። የሆንዱራስ መንግሥት መሬቱን ለራሴ ዜጎች አከፋፍላለሁ ብሎ እነሱን ማባረር ጀመረ። እንግዲህ ኳሱ ክብሪት ቢሆን እንኳ ቤንዚኑ ቀድሞ ፈሷል ማለት ነው። ከቤት ንብረት መባረር ምን እንደሆነ ደግሞ ለእኛ ማንም አይነግረንም።

በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገን ግማሽ እውነት ይዟል። ኳስ በራሷ የትም አትሄድም፤ የምትሄደው ወደ መቷት ነው። ለዚህ ከራሳችን ታሪክ ጥሩ ምሳሌ አለን። በ1957 የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ካርቱም ላይ ሲዘጋጅ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልክም ስላለች ከውድድሩ ወጣች። የተጫወቱት ግብፅ፣ ሱዳንና ኢትዮጵያ ብቻ ናቸው። ከ1972 እስከ 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን የመሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማም የአፓርታይድ ቡድን ወደ ዓለም ሜዳ እንዳይመለስ እስከ ዕለተ ሞታቸው ታግለዋል። ደቡብ አፍሪካ የተመለሰችው በ1992 ነው። አፓርታይድን ኳስ ብቻዋን አልጣለችውም፤ ነገር ግን ኳሷን የያዙት ሰዎች ሕጉ ለሁሉም እኩል ይሁን ብለው ጸንተዋል።

ሌላው ምሳሌ የዚሁ የካምፓችን ልጅ ነው። አወር ማቢል በ1995 እዚሁ ካኩማ ከደቡብ ሱዳን ስደተኞች ተወለደ፤ በ2006 ከቤተሰቡ ጋር ወደ አውስትራሊያ ሄደ። በጁን 2022 አውስትራሊያና ፔሩ ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ ኳታር ላይ ተገናኝተው 0 ለ 0 ሲለያዩ በሪጎሬ ተለያዩ። ስድስተኛውን መትቶ ያገባው ማቢል ነው። ከዚያ በረኛው የፔሩን አዳነና አውስትራሊያ አለፈች። እኛ ግን ለተማሪዎቻችን ይህን ስንነግር አንድ ነገር እንጨምራለን። ማቢል ጎበዝ ስለሆነ ብቻ አይደለም እዚያ የደረሰው፤ የተቀበለው አገር ስላገኘም ነው። ጎበዝ ሆኖ በር ያልተከፈተለት ልጅ ክፍላችን ውስጥ ሞልቷል።

ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛ ኢትዮጵያውያን ስለ አገር ፖለቲካ ስናወራ፣ በተለይ ከ2020 እስከ 2022 ከነበረው ጦርነት ወዲህ፣ ተኮራርፈን የምንለያይበት ቀን ብዙ ነው። ጎል ሲገባ ግን ማን ከየት እንደመጣ ሳንጠይቅ እንተቃቀፋለን። ዘጠና ደቂቃ ይህን ከቻልን ዘጠና አንደኛው ላይ ምን ይነካናል?

ስለዚህ የሠፈር ውድድር ለምታዘጋጁ ወንድሞችና እህቶች አንድ ሐሳብ አለን። ቡድኖቻችን እስካሁን በአብዛኛው በአገርና በጎሣ ይከፈላሉ፤ ጨዋታው ሲከር ስድቡም በዚያው ይሄዳል። በሚቀጥለው ውድድር ተጫዋቾች ዕጣ አውጥተው ይደባለቁ። ሶማሌው በረኛ ለኢትዮጵያዊው ተከላካይ ይጩህለት፤ የሴቶቹም ጨዋታ ፀሐይ ሲበርድ በጥሩ ሰዓት ይያዝ። ጦርነት አያቆም ይሆናል። እኛ ሜዳ ላይ ግን ጠብ ሊያቆም ይችላል፤ ለጊዜው በእጃችን ያለው ሜዳም እሱ ነው።