ከደብዳቤው ክምር ሥር

በመካከላችን ይቅርና፣ የሳይክሊክ ኤኤምፒ ታሪክ ለተማሪ የሚነገረው ተላጭቶ ነው። አንድ ፎስፌት የራይቦዝ ስኳርን 3ኛና 5ኛ ካርበን ይዞ ቀለበት ይሠራል፤ የሆርሞንን መልእክት ሴሉ ውስጥ ያደርሳል፤ ኧርል ሰዘርላንድ አገኘው፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ለብቻው ኖቤል ተሸለመበት። ይኸው ነው።

ጓዳው ግን ሌላ ነው። ሰዘርላንድና ቴዎዶር ራል ክሊቭላንድ ውስጥ ጉበት ፈጭተው፣ የሴሉን ሽፋን ስብርባሪ ከኤቲፒና ከአድሬናሊን ጋር ሲቀላቅሉ አንድ ነገር ይወጣል። ቢያፈሉትም ሥራውን አይተውም፤ ስለዚህ ፕሮቲን አይደለም። ታዲያ ምንድን ነው? ሰዘርላንድ ኢንዛይም እንዲልክለት ቤተስዳ ለነበረው ባዮኬሚስት ሊዮን ሄፕል ጻፈ። በዚያው ሰሞን ሴንት ሉዊስ የነበረው ዴቪድ ሊፕኪን ኤቲፒን ከባሪየም ሃይድሮክሳይድ ጋር አሙቆ እንግዳ ውሁድ አግኝቶ ነበርና እሱም ለሄፕል ጻፈ። ሁለቱ ስለ አንድ ነገር እንደሚጽፉ አያውቁም።

ሄፕል ደግሞ ደብዳቤ ቶሎ የሚመልስ ሰው አልነበረም። እንደሚባለው ጠረጴዛው ሲሞላ መጠቅለያ ወረቀት ያለብስበትና በላዩ አዲስ ክምር ይጀምራል። አንድ ቀን ክምሩን ሲያገላብጥ ሁለቱ ደብዳቤዎች ጎን ለጎን ወጡለትና ሰዎቹን አገናኛቸው። ደብዳቤ በደረሰ ዕለት የሚመልስ ጨዋ ሰው ቢሆን ይህ ይሆን ነበር? እኔ እጠራጠራለሁ።

በ1957 የሁለቱ ቡድኖች ጽሑፎች በአሜሪካ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት ላይ ተከታትለው ወጡ። መምህራን የሚዘሏት እዚህ ጋ ናት፦ የሊፕኪን ቡድን በርዕሱ ላይ ሳይቀር ውሁዱን ሁለት አሃድ የተጣመረበት አድርጎት ነበር። ባለ አንድ አሃዱ ቀለበት ማስረጃ የታተመው በ1959 ነው።

ቀለበቱን የሚቆርጠው ኢንዛይም ፎስፎዳይኤስተሬዝ ይባላል፤ ካፌይን ይህን ኢንዛይም ሊያግድ ይችላል። ከዚህ ተነስተው «ቡና የሚያነቃው ሳይክሊክ ኤኤምፒን ስለሚያበዛ ነው» የሚሉ መምህራን ዛሬም አይጠፉም። በስኒ የምንጠጣው መጠን ግን ለዚያ አይበቃም፤ የሚያነቃን ካፌይን የአዴኖሲንን መቀበያ ስለሚዘጋ ነው። ፈተና ላይ ግን፣ ተማሪ ሆይ፣ መምህርህ ያለውን ጻፍ።