ምጣዱ እየሠራ ሲለካ

ጊምቢቹ ውስጥ ለጥገና ስጠራ ደጋግሜ የምሰማው አቤቱታ ስለ ምጣድ ነው። «መብራቱ ጉልበት የለውም፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም» ይሉኛል። «ጊቤ አፍንጫችን ሥር እያለ!» የሚልም አይጠፋም።

አንዳንድ ባለሙያ ሶኬቱን በመልቲሜትር ይለካና «214 ቮልት አለ፤ የተበላሸው ምጣዱ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ምንም ሳይበራ የተለካ ቮልቴጅ ግን ስለ መስመሩ ጤንነት እምብዛም አይናገርም። ከረንት ካልሄደበት የላላ ማያያዣም ሆነ የቀጠነ ሽቦ ቮልቴጅ አይጥልም። ቮልቱና አምፔሩ መለካት ያለባቸው ምጣዱ እየሠራ ነው።

በቅርቡ የገባሁበት ቤት እመቤቲቱ አዲስ ምጣድ ሊገዙ ተነሥተው ነበር። «እናቴ፣ መጀመሪያ ያብሩልኝ» አልኳቸው። ክላምፕ ሜትሩን በአንዱ ሽቦ ብቻ አስገባሁ፤ ሁለቱን ሽቦ አንድ ላይ ካቀፈ ዜሮ ነው የሚያነበው። 13.4 አምፔር አሳየ። ሶኬቱ ላይ ያለው ቮልቴጅ ደግሞ ከ214 ወደ 184 ወርዷል።

184 ለ13.4 ሲካፈል 13.7 ኦም ይመጣል። በ220 ቮልት 3,500 ዋት ገደማ ለሚሠራ ምጣድ ተቃውሞው ይኸው ነው፤ ምጣዱ ጤነኛ ነው ማለት ነው። የምጣድ ሽቦ የኒኬልና የክሮም ቅይጥ ስለሆነ ሲግልም ተቃውሞው ብዙ አይለወጥም፤ ስሌቱን ማመን የምንችለውም ለዚህ ነው።

ኃይሉስ? 184 በ13.4 ሲባዛ 2,466 ዋት። ከ220 ጋር ሲነጻጸር ቮልቴጁ የቀነሰው 16 በመቶ ሲሆን ኃይሉ ግን 30 በመቶ ቀንሷል። ቮልቴጅ ሲወርድ ከረንቱንም ይዞት ስለሚወርድ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል።

ቆጣሪው ጋ ሄጄ ስለካ 209 ቮልት አገኘሁ። ከውጭ የጎደለው 5 ቮልት ብቻ ነው፤ 25ቱ የቀረው ቤት ውስጥ ነው። 25 ለ13.4 ሲካፈል 1.9 ኦም ይሆናል። ርቀቱ 20 ሜትር አይሞላም፤ 2.5 ካሬ የመዳብ ሽቦ ደርሶ መልስ ከ0.3 ኦም አያልፍም። ስለዚህ ጥፋቱ መገጣጠሚያ ላይ መሆን አለበት። ዋናውን ብሬከር አጥፍቼ ጃንክሽን ቦክሱን ስከፍት ተጠማዞ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ ሽቦ ጠቁሮ አገኘሁት። 335 ዋት እዚያ ግድግዳ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀር ነበር። ቦታው ከቆጣሪው ወዲህ ስለሆነ ሦስት ሰዓት በተጋገረ ቁጥር አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ያለ ጥቅም ይከፈልበታል። የእሳት አደጋው ደግሞ ሌላ ነው።

የጊቤ ቅርበትም መልስ አለው። የጊልገል ጊቤ ሁለት 420 ሜጋ ዋት ከጣቢያው የሚወጣው በ400 ሺህ ቮልት ነው። ቮልቴጁ ሲበዛ ከረንቱ ያንሳል፤ በሽቦ ላይ የሚባክነው ደግሞ በከረንቱ ካሬ ልክ ነው። በ220 ቮልት የምንጠቀመው እኛ ግን ከባዱን ከረንት የምንሸከመው በቤታችን ሽቦ ነው።

ባለሙያ ስትጠሩ ምጣዱ እየሠራ ቆጣሪው ጋም ሶኬቱ ጋም እንዲለካ ጠይቁ። በሁለቱ መካከል ከ10 ቮልት በላይ ልዩነት ካለ የቤቱ መስመር ይፈተሽ። ቆጣሪው ጋ ራሱ ዝቅ ብሎ ከተገኘ አቤቱታው ለመብራት ኃይል ነው። ቮልቴጁ በሁለቱም ቦታ ደህና ሆኖ አምፔሩ ካነሰ ያን ጊዜ ምጣዱ ይፈታ።