ዳንኬልድ ላርች ስለሚባለው የተዳቀለ ዛፍ ጠባይ

ጥድና ዝግባ በበጋም በክረምትም ለምልመው እንደሚኖሩ የማያውቅ የለም። በኤውሮጳና በእስያ ብርዳም አገሮች ግን ቅጠሉ እንደ መርፌ ቀጭን ሆኖ ሳለ ብርድ ሲገባ ቢጫ ሆኖ የሚረግፍ፥ ብርዱም ሲያልፍ እንደ ገና የሚያቆጠቁጥ ዛፍ አለ፤ ስሙም ላርች ይባላል።

የኤውሮጳው ላርች በስኮትላንድ በዳንኬልድ በ1738 ዓ.ም. ተተከለ (ዘመኑ ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ነው)። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የጃፖን ላርች መጥቶ በዚያው ስፍራ ተተከለ። የኤውሮጳውን የአበባ ዱቄት ነፋስ ወደ ጃፖኑ ስለ ወሰደው፥ ከጃፖኑ ዛፍ ዘር የበቀሉት ችግኞች ከወላጆቻቸው የተለዩ መሆናቸው በ1904 ዓ.ም. ገደማ ታወቀ።

የዚህ ዛፍ መልክ ከሁለቱ ወላጆቹ መካከል ነው። የኤውሮጳው ለጋ ቅርንጫፍ ገለባ መሳይ፥ የጃፖኑ ቀላ ያለ ሲሆን የርሱ በመካከል ነው። የፍሬው ቅርፊት ጫፍ በኤውሮጳው ቀጥ ያለ ነው፤ በጃፖኑ እንደ ጽጌረዳ ወደ ውጭ ይቀለበሳል፤ በርሱ ግን በጥቂቱ ብቻ ይቀለበሳል። በልጅነቱ ከወላጆቹ ፈጥኖ ያድጋል፤ የኤውሮጳውን ላርች ግንድ የሚያቆስለውንም በሽታ ይበልጥ ይቋቋማል። ጥላ አይወድም። የግንዱ እምብርት ቀላ ያለና ጽኑ ስለ ሆነ ለአጥር ይፈለጋል።

ነገር ግን ታላቅ ጥንቃቄ ያሻዋል። ፈረስና አህያ የሚወልዷት በቅሎ ብርቱ ብትሆንም አትወልድም፤ ይህ ዛፍ ግን ያፈራል። ከርሱ ፍሬ የሚበቅሉት ችግኞች እኩል አይሆኑም፤ ብዙዎቹም የወላጃቸውን ብርታት ያጣሉ። ስለዚህ የዛፉ አዋቂዎች የሁለቱን ነገድ ዛፎች ጎን ለጎን ተክለው ዘሩን ሁልጊዜ ከነዚያው ይሰበስባሉ።

ብርታቱም ከክፉ ነገር ሁሉ አያድንም። በ2009 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ደቡብ ምዕራብ በጃፖን ላርች ላይ የታየው ፊቶፍቶራ ራሞሩም የተባለው በሽታ የተዳቀለውንም ይይዛል፤ ስለዚህ በሽታው የተገኘባቸው የላርች ደኖች እንዲቆረጡ ታዘዘ።

ይህን መጻፋችን ላርች በደጋችን ይተከል ለማለት አይደለም፤ እርሱ የበረዶ ወራት ላለው አገር የተፈጠረ ነው። ነገር ግን ችግኝ የሚያስተክል ሹም ወይም ባለመሬት ማንኛውንም ዛፍ ሲመርጥ የቆመውን ዛፍ ውበት ብቻ አይቶ ዘር አይልቀም፤ ዘሩ ከየትኛው እናትና አባት እንደ ተገኘ አስቀድሞ ይጠይቅ። አንድ ዓይነት ዛፍም ብቻ በሰፊው አያስተክል። የእህል ዘር ቢከፋ ጉዳቱ የአንድ መኸር ነው፤ የዛፍ ዘር ስሕተት ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።